ፍም አይጨስም

መሰላል መውጣት ካቆምኩ ስምንት ወሬ ነው። ጉልበቴን ያየው ሐኪም «አባቴ፣ ከእንግዲህ ከወንበር በላይ እንዳይወጡ» አለኝ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ሥራ ያቆመ ሰው ወዲያው ይታመማል ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ሚስቴ ያን ሰሞን ሁሉ ጧት ጧት ግንባሬን ትዳስስ ነበር። አልታመምኩም። እንዲያውም እንደዘንድሮው ተኝቼ አላውቅም። ለምን ቀለለኝ የሚለውን ለመናገር ግን ሥራዬን ከመጀመሪያው ማንሳት አለብኝ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል። እዚሁ ጎንደር፣ መብራት መሥሪያ ቤት በረዳትነት ስቀጠር ገና ጺሜ አልወጣም ነበር። ደሞዙ ወሩን አያደርስም፣ የዝውውር ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል ዓመት ይፈጃል፤ እሱን ልተወው። ትልቁ ዕድሌ ከአያ ሰይድ ጋር መመደቤ ነው። አያ ሰይድ የዚሁ ከተማ፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ነጋዴዎች ነበሩ። እርሳቸው ብቻ ሱቁን ትተው ሽቦ ወደዱ።

ሰው ቤት ሲገቡ ቦርሳቸውን በር ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ካቻቪቴም ፒንሳም አያወጡም። «የት ትተኛላችሁ? የት ታበስላላችሁ? ልጆቹ የት ይጫወታሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ በልቤ «ምነው እኚህ ሰውዬ፣ ሽቦ ሊዘረጉ ነው የመጡ ወይስ ልጅ ሊያጩ?» እል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የቤቱን ትልቅ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አሮጊት፣ ጠርተው ማብሪያውን በገዛ እጇ እንድታበራና እንድታጠፋ ያደርጓታል። «እኛ እንሄዳለን፤ ከዕቃው ጋር የምትቀር እሷ ናት» ይሉኛል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የወረቀቱ ነገር ነው። አዲስ ዕቃ በካርቶን ሲመጣ ውስጡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይኖራል። አያ ሰይድ ቋንቋውን አያውቁም። ቢሆንም ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከትተው ፒያሳ መድኃኒት ቤት ይሄዱና፣ ፋርማሲስቱ ከላይ እስከ ታች እስኪያነብላቸው ቆመው ይሰማሉ። ዕቃው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። «ያላስነበብከውን ዕቃ አትስቀል» ይሉኝ ነበር። እኔ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ በሌላው አፈሰው ነበር።

እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔም መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል በጥገና ሠራተኛነት ገባሁ። ባለቤቷ ወይዘሮ ስንዱ ትባላለች፤ ቁጡ፣ ግን ቀጥ ያለች ሴት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በካርቶን የሞሉ ነጫጭ ክብ ዕቃዎች አስመጣች፤ የጭስ አላርም ናቸው። የውጭ እንግዶች ጣራው ላይ ይህን ካላዩ አይተኙም ተብላ ነው። በየኮሪደሩ ሰቀልኳቸው። በማግስቱ ወጥ ቤቱ ሽንኩርት ሲያርርበት አንደኛው ጮኸ፤ እንግዶቹ ግማሾቹ በፎጣ፣ ግማሾቹ በአንድ እግር ጫማ ወደ ግቢው ተንጋጉ።

«አለባቸው!» ብላ ስሜን ጠራች ወይዘሮ ስንዱ ወገቧን ይዛ። «ይህን አልቃሻ አሁኑኑ ባትሪውን አውጣልኝ!»

ባትሪውን አላወጣሁም። ነቀልኩና ከወጥ ቤቱ በር አርቄ ሰቀልኩት። ሙያውን የተማርኩ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው፦ አየር የማይዞርበት ጥግ ላይ አይሰቀልም፣ ማራገቢያ አጠገብም አይሆንም፣ አቧራና ትንንሽ ነፍሳት ገብተው ያሳብዱታልና በየጊዜው ይጠረጋል። አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ብቻ «ጪው» ካለ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የአንድ እንግዳ ስልክ ቻርጀር ፍራሽ ላይ ተቃጠለ። አላርሙ ጮኸ፤ ደርሰን ቆጣሪውን ዘጋንና እሳቱን በአንድ ባልዲ ውኃ አጠፋነው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ስንዱ ለመጣው ሁሉ «የእኔ አለባቸው» እያለች ታወራልኝ ጀመረች። እኔም ልቤ አበጠ።

ያበጠ ልቤን ይዤ ወጣሁና የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። አምፖል፣ ሶኬት፣ ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ የጭስ አላርም። ከተማው ውስጥ አላርም የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ ተባለ። ሰው ሲልህ ታምናለህ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

መምህር ጌታሁን ከዳባት የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ሱቄ ገብቶ ሳይቀመጥ ነገሩን ጀመረ።

«እናቴ ከሰሉን ከመኝታ ክፍሏ አላወጣም ብላለች። የዳባትን ብርድ ታውቀዋለህ። እኔና ሚስቴ በየዕለቱ እንጨቀጭቃታለን። ለከሰል ጭስ የሚጮህ ነገር አለህ አሉኝ።»

«አለኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። በእኛ አፍ ሁሉም «የከሰል ጭስ» ነው የሚባል። ሰው በከሰል ሲሞት «ጭስ አፍኖት» እንላለን። ጭስ ካሉት የጭስ አላርም ይበቃዋል ብዬ ደመደምኩ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ሄድኩ። የመምህሩ እናት፣ እማሆይ አስካለ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋቸው ላይ ሆነው መሰላል ስወጣ ያዩኛል።

«ልጄ፣ አምፖል ነው?»

«አይደለም እማሆይ፣ ዘበኛ ነው። የከሰል ጭስ ሲመጣ ይጮሃል።»

«እንግዲያ ከሰሌን አትወስዱብኝም?»

መምህሩ አየኝ። «ከእንግዲህ ምን አስጨነቃችሁ፣ ተዉላቸው» አልኩ። እማሆይ መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት።

በዚያው በጋ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ የዳባት ሚኒባስ ሹፌር ሱቄ በር ላይ ቆሞ «የመምህሩ እናት አረፉ፤ ከሰል ነው አሉ» አለኝ። በነጋታው ለቅሶ ደረስኩ። መምህር ጌታሁን ጋቢውን አገልድሞ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣና፣ ምንም ሳይል ወደ እናቱ ክፍል ወሰደኝ። አልጋው ተነሥቷል። አላርሙ ጣራው ላይ እንዳለ ነው።

«አልጮኸም» አለኝ። «ግድግዳ ለግድግዳ ነው የተኛነው። አልጮኸም።»

ባትሪው ነው ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁና የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጮኸ። በዚያ ለቅሶ ቤት ጆሮ እስኪበሳ ጮኸ። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ግር ብሎ መጣ፤ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አንሥቼ ዝም ማሰኘት አቃተኝ።

«ይሠራል» አልኩ።

«ታዲያ ምነው?» አለ መምህሩ።

«እንጃ።»

እውነቴን ነበር፤ አላውቅም። ጎንደር እንደገባሁ ሱቄን ከውስጥ ቆለፍኩና ካርቶኑን ፈለግሁ። ወረቀቱ እንደታጠፈ ውስጡ አለ፤ አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም። ይዤው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ያኛው ፋርማሲስት የለም፤ አንዲት ወጣት ሴት አነበበችልኝ። ይህ ዕቃ የሚያየው ጭስን ብቻ ነው፤ ከከሰል ፍም የሚወጣውን፣ ሽታም መልክም የሌለውን መርዝ አያውቀውም፤ ለዚያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን የሚለይ ሌላ አላርም አለ። እንዲህ ይላል። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ «ውኃ ልስጥዎ?» አለችኝ። መልኬን አይታ ይሆናል።

ከዚያ በቀጥታ አዲስ ዓለም ወረድኩ። አያ ሰይድ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው ነው የለዩኝ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«አስነብበኸው ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አላስነበብኩትም።»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም።

«ለከሰል ብለህ ስንት ቤት ሰቅለሃል?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያ አሥራ ዘጠኝ በር ታንኳኳለህ። መጀመሪያ ዳባት።»

ዳባት ተመልሼ ሄድኩ። መምህሩን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ሲያርም አገኘሁት። ቆሜ ነገርኩት። ጭስና መርዙ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ወረቀቱን አለማንበቤን፣ ተዉላቸው ያልኩት እኔ መሆኔን። እስክሪብቶውን ከደነ።

«እኔም ተውኩላት» አለ። «ደክሞኝ ነበር። ጭቅጭቁ ደክሞኝ ነበር።»

«ሂድ አሁን» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም። መናኸሪያው ጋ ሚኒባስ ስጠብቅ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ሮጦ ነው የመጣ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ለሌሎቹ ነግረሃቸዋል?»

«ካንተ ነው የጀመርኩት።»

«ቶሎ በል እንጂ። ብርዱ ገና ነው።»

አሥራ ስምንቱን ቤት ዞርኩ። አንዳንዱ አመሰገነኝ፣ አንዳንዱ አላመነኝም። እንፍራንዝ ላይ አንዲት ሴት በሩን በግማሽ ከፍታ «ምነው፣ አሁን ደግሞ ሌላ ልትሸጥልኝ ነው?» አለችኝ። «የምሸጠው የለኝም እቴ፣ ከሰሉን አውጪልኝ ብቻ» አልኳት። አንድ ቃል አበጀሁ፤ በየቤቱ እሱኑ እላለሁ፦ «ፍም አይጨስም።» ከሰል ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ ሰው «አሁን ነጻ ነው፣ ይግባ» የሚልበት ሰዓት ነው ክፉው።

ትክክለኛውን አላርም እስካገኝ ብዙ ደከምኩ። መንገድ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ጥቂት ጥቂት እያለ ይልክልኝ ጀመር። የመጀመሪያው እንደደረሰ ዕቃውን ሳልነካ ወረቀቱን ብቻ ከካርቶኑ አውጥቼ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት። ያቺ ወጣት አነበበችልኝ፤ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት። የሚሰቀለው ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፤ መጋረጃ ጀርባ አይሆንም፣ መስኮት ሥር አይሆንም፣ ምድጃው አናት ላይም አይሆንም። አራት ጊዜ ጮኾ፣ ዐረፍ ብሎ፣ ደግሞ አራት ጊዜ ከጮኸ ነገሩ የባትሪ አይደለም፤ መውጣት ነው። ዕድሜ አለው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይጣላል፤ ስለዚህ የሰቀልኩበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ እጽፍ ነበር። ለሰዎቹም ዕቃው ሁለተኛ ነው እላቸዋለሁ፤ አንደኛው ከሰሉን ደጅ መተው ነው።

እንዲህ ስል ዓመታት ሄዱ። ስንቱ ቤት ጮኾ እንደሆነ፣ ስንቱ ጋ ዝም ብሎ እንደተሰቀለ አላውቅም። አላርም የሚሰቅል ሰው ሥራው ሲሠራ አያይም። ደኅና ያደረ ቤት ደውሎ «ደኅና አደርን» አይልህም። ያቺ የዳባት የለቅሶ ቀን ብቻ ከእኔ ጋር ትውላለች።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ሱቄ ቁጭ ብዬ ዝናቡን ሳይ ስልኬ ጠራ። ከቀትር በኋላ ነው። የደወሉት አዘዞ የሚኖሩ እማማ ጥሩ ናቸው። ልጃቸው ሞላ ባጃጅ ይነዳል፤ ሚስቱ የሺ ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አላርም ሰቅዬላቸው፣ እማማ ጥሩን አስጠርቼ ቁልፉን በገዛ እጃቸው አስጫንኳቸው። ደንግጠው ከሳቁ በኋላ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተጭነውታል።

«አለባቸው!» አሉ እማማ ጥሩ። ስልክ ሲያወሩ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ነው። «ና ይህን ዕቃህን ንቀልልኝ! ልጁን ሊያስደነግጥብኝ ነው!»

ከድምፃቸው ጀርባ ሰማሁት። አራት ጊዜ። ዝም። ደግሞ አራት ጊዜ።

«እማማ ጥሩ፣ ከሰል ገብቷል?»

«አራስ ቤት ያለ ከሰል ይሆናል? መብራቱ ከሄደ ሁለት ቀኑ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ደጅ አቅልቼ ነው ያስገባሁት፤ ቅንጣት ጭስ የለው።»

ከወንበሬ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«የሺን ያቅርቡልኝ።»

«ተኝታለች። ራሴን አለችና ተኛች።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱም ተኝቷል። ዛሬስ ሸጋ ሆኖልኛል፤ ጡትም አላለ፣ አላለቀሰም።»

«ያውጧቸው! አሁኑኑ ሁለቱንም ደጅ ያውጧቸው!»

«አብደሃል? አራስ በዚህ ዝናብ? ብርድ ቢመታት ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ ልጠየቅ! እማማ፣ እርስዎንስ ራስዎን አላመመዎትም?»

አላርሙ አራት ጊዜ ጮኸ።

«አመመኝ እንጂ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ከረፋድ ጀምሮ። ጉልበቴም ከዳኝ። የክረምቱ ነው ብዬ…»

«የክረምቱ አይደለም። እኔ ዳባት ላይ የሰው እናት አሳስቼ ገድያለሁ። ያን ቀን የሰቀልኩት ዕቃ ዝም ብሎ ነው የቀረ። ይኼው ይኼኛው ይጮሃል። በእግዚአብሔር፣ አያድርጉብኝ፣ ያውጧቸው!»

ስልኩ አንድ ነገር ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ «ኧረ የሰው ያለህ! ጎረቤት! ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት፣ የበር መበርገድ፣ የዝናብ ድምፅ። መስመሩ ተቋረጠ።

ለሞላ ደወልኩ፤ «ወደ ቤትህ ንዳ፣ ሆስፒታል ትወስዳቸዋለህ» ብቻ አልኩት። እኔም ባጃጅ ይዤ ወደ አዘዞ በረርኩ። መንገዱን ያን ቀን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። በአፌ የሆነ ነገር እያጉረመረምኩ ነበር መሰለኝ።

ስደርስ ሰው የጎረቤት ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተሰብስቧል። የሺ ሁለት ጋቢ ደርባ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታስመልሳለች። የሚያስመልስ ሰው ሕያው ነው። እማማ ጥሩ ሕፃኑን ደረታቸው ውስጥ ከትተው በነጠላ ሸፍነውታል። ሞላም ከእኔ እኩል ደረሰ። ነጠላውን ገለጥ አደረጉልኝ። ይተነፍሳል። ግን ጉንጩን ስነካው ፊቱን አላዞረም፣ ዓይኑን አልገለጠም። ሞላ የባጃጁን ሞተር አላጠፋም።

«ሂዱ» አልኩት። «ስትደርሱ የከሰል መርዝ ነው በሉ፣ ሌላ ነው ብለው ጊዜ እንዳይፈጁ። ኦክስጅን ነው መድኃኒቱ።»

እነሱ ሄዱ። እኔና ጎረቤቶቹ መስኮቱን ከውጭ ገፍተን ከፈትን፤ ንፋሱ ቤቱን እስኪያጥብ ጠበቅንና ምድጃውን ጎትተን ዝናቡ ላይ ደፋነው። ከዚያ እኔም ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሦስቱንም ኦክስጅን አድርገውላቸዋል። አንዲት ነርስ ወጥታ ሴቶቹ ደኅና መሆናቸውን ነገረችን። «ሕፃኑን ግን እናያለን፤ ነቅቶ ጡት ከያዘ ጥሩ ምልክት ነው» አለች። ከቤተሰብ ውጭ ያለው ሰው ኮሪደሩን እንዲለቅ ተጠየቀ።

በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ቤቴ መሄድ አልቻልኩም፤ ሚስቴ ፊቴን ካየች ትጠይቀኛለች፣ የምመልሰው የለኝም። አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዝናቡ አባርቶ ሰው መንገዱን ሞላው። አስተናጋጇ መጥታ «አልጣፈጠዎትም?» አለችኝ፤ ስኳር ጨመርኩና አማሰልኩት፤ አልጠጣሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ የጸለይኩበት ሰዓት የለም፤ ጸሎቱም ቃል አልነበረውም።

ስልኩ ሲጠራ ወዲያው ማንሣት ፈራሁ። ሁለተኛ ሲጠራ አነሣሁት።

«አለባቸው!» አሉ እማማ ጥሩ፤ ድምፃቸው ወደ ቀድሞው ተመልሷል፣ ካፌው ሙሉ ይሰማቸዋል። «ጠባ! ጠባልኝ! ኧረ እንደ ጥጃ ነው የሚምገው፣ ወየው ልጄ!»

ከስልኩ ውስጥ ሕፃኑ ሰምቷቸው ነው መሰል፣ ደንግጦ አለቀሰ። እሪ ብሎ፣ በሙሉ ሳንባው። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ ሳላስበው እንባዬ ፈሶ ኖሯል። አጠገቤ ጋዜጣ ያነብ የነበረ የማላውቀው ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«የልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ።

«የጎረቤት ነው» አልኩት፤ አዘዞ ጎረቤቴ እንዳልሆነ እያወቅሁ።

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩና አስተናጋጇን ጠርቼ፣ ትኩስ ሻይ ለሁለት አዘዝኩ።